ከቢጫው መስመር ወዲህ

ሰኞ

ሐኪሟ የጠየቀችኝ ቀላል ነገር ነው። «አባቴ፣ ማዞር ሲመጣብዎት ወይም ዓይንዎ ሲጨልም፣ መቼና የት እንደሆነ ማስታወሻ ደብተር ላይ እየጻፉ ያምጡልኝ» አለችኝ። ፊደል አልቆጠርኩም አልኳት። «እንግዲያው ያስጽፉ» አለች፤ ሰው ሁሉ ጸሐፊ ያለው መሰላት። እኔም ከቤቴ ሥር ባለው የልብስ ሰፊው ጓደኛዬ ሱቅ ተቀምጬ ይኸው አስጽፋለሁ። መርፌውን ትቶ እስክሪብቶ ይዟል። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ዳኛ መስሏል።

ጻፍ። ዛሬ ማዞር የለም።

«ጠዋት ደረጃው ላይ ግድግዳ አቅፈህ ቆመህ ነበር» ይላል።

የግድግዳውን ቀለም እያየሁ ነበር። ተልጧል። ጻፍ እንጂ አትመስክር።

ሐኪሟ እኔ ማን እንደሆንኩ የምታውቅ አይመስለኝም። ብታውቅ እንዲያ በቀላሉ አትናገረኝም ነበር። «ልብዎ አንዳንዴ መምታት ይረሳል፤ ምቱን የሚያስታውሰው ትንሽ መሣሪያ ከቆዳዎ ሥር እናስገባለን፤ ቀላል ነው» ነው ያለችኝ። ለእሷ ቀላል ነው። እኔ የምሠራበት አዳራሽ በር ላይ ግን አንድ ሥዕል አለ፦ ቀይ ልብ፣ በላዩ ላይ መስመር የተጋደመበት። በዓለም ላይ ካለው ጽሑፍ ሁሉ ማንም ሳያስተምረኝ ያነበብኩት እሱን ብቻ ነው። ልቡ ላይ መሣሪያ ያለበት ሰው በዚያ በር አያልፍም፤ ውስጥ ያለው ማግኔት መሣሪያውን ያሳብደዋል።

እኔ ደግሞ ካልገባሁ ማግኔት አይወርድም። ይህ ጉራ አይደለም፤ ጉራም ከሆነ ይሁን። ከመሬት በታች ከተማ የሚያህል የቀለበት ዋሻ አለ። በዚያ ዋሻ ውስጥ ከአቧራ በብዙ የሚያንሱ ቅንጣቶች ከሁለት አቅጣጫ እየሮጡ መጥተው ይጋጫሉ፤ የተማሩት ሰዎች ስብርባሪውን ያያሉ። ምን እንደሚፈልጉበት እነሱ ያውቃሉ። ቅንጣቶቹ ቀለበቱን ይዘው እንዲዞሩ መንገዳቸውን የሚያጥፈው ማግኔት ነው። አንዱ ማግኔት የአውቶቡስ ርዝመት አለው፤ በክሬን ተንጠልጥሎ በጉድጓድ ይወርዳል። የክሬኑ ነጂ ጣሪያ ሥር ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው የምትቀመጠው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አይታያትም። የምታየው የእኔን እጅ ነው። «ቁሚ» ብሎ መጮኽ ማንም ይችላል። «አውርጂ» የሚላት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። እጄ ከወደቀ ሁሉም ነገር ይቆማል። ሕጉ ይህ ነው።

በዚያ ጉድጓድ የወረደው ማግኔት ሁሉ በእነዚህ እጆች ነው የወረደው። የቀሩት ሁለት ናቸው። ሁለቱ ይውረዱ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሟ ልቤን ከፈለገች በማንኪያ ታውጣው።

«ይህንንም ልጻፈው?»

ጻፈው።


ረቡዕ

ማዞር የለም።

ልጄ ጋ እራት በላሁ። እሷም የምትሠራው እዚያው ማጋጫው ውስጥ ነው፤ ግን ከተማሩት ወገን ናት። የቅንጣቶቹን ሩጫ ጨረር ይሉታል፤ የጨረሩን መንገድ የምታሰላው እሷ ናት። እኔ ማግኔቱን አወርዳለሁ፣ እሷ በማግኔቱ ውስጥ ለሚያልፈው ትጨነቃለች። ቤተሰቡ ከውጭም ከውስጥም ይዞታል ማለት ነው።

ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ማሽኑ የሚነሳበት ቀን ተቆርጦ አለቆቿ አንገቷ ላይ ቆመዋል። «ምንድን ነው ይህን ያህል እንቅልፍ የሚነሳሽ? ማግኔቱ ይወርዳል፣ ጨረርሽ ይዞራል፣ አለቀ» አልኳት።

«አባዬ፣ ዥዋዥዌ ላይ ስትገፋኝ ታስታውሳለህ?»

«ስትወድቂ ነው የማስታውሰው።»

«እሱን ተወው። በመጣሁ ቁጥር ልክ በሰዓቱ ገፋ ካደረግከኝ ከፍ እላለሁ፣ ደግሞ ከፍ እላለሁ፣ መጨረሻ ላይ እወረወራለሁ አይደል? ጨረሩም እንዲሁ ነው። አንድ ማግኔት የፀጉር ውፍረት ያህል ቢዛነፍ፣ ጨረሩ ዞሮ በመጣ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ገፋ ያደርገዋል። ግፊቱ ኢምንት ነው። ግን ጨረሩ ዓይንህን እስክትከድን ድረስ ስንት ሺህ ጊዜ ይዞራል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄዶ ቱቦው ግድግዳ ላይ ይዘረገፋል።»

ገባኝ። እንደገባኝ ስታይ ደስ አላትና ሌላም ጨመረች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ማግኔቶች እንደ ሌሎቹ አይደሉም። ሽቦአቸው አዲስ ዓይነት ነው። በፈሳሽ ሂሊየም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ድካም ያልፍበታል፤ ልዕለ አስተላላፊ ይሉታል። ግን ጥቅሉ እቶን ገብቶ ከወጣ በኋላ እንደ ብርጭቆ ነው። አንድ ጊዜ ክፉኛ ቢነቀነቅ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ ደግሞ ምንም አይታይም። የሚታወቀው ሥራ ላይ ሲውል ነው።

«ለዚህ ነው ስብሰባው ላይ ከአንተ እጅ ሌላ አላምንም ያልኩት» አለችኝ።

ሾርባው በጣም ትኩስ ስለነበር ዓይኔ አለቀሰ። ልብስ ሰፊው፣ ሾርባው ብለህ ጻፍ።


ዓርብ

ዛሬ የሆነውን የማስጽፈው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው።

ሐኪሟ ጠዋት ደረቴ ላይ የልብ መቅጃ ለጠፈችብኝ። ትንሽ ሳጥን ናት፤ ሽቦዎቿ በፕላስተር ተጣብቀዋል፤ እስከ ነገ አውልቅ የለም። «ዛሬ ዕረፍት ያድርጉ» አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዕረፍት የሚባለውን ነገር እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳየኝ ሰው የለም። ቁርሴን ቀማምሼ ሥራ ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ የብረት ካባው ገና ያልተደረበለት ማግኔት እየተፈተነ ነበር። እንዲህ ራቁቱን ሲሆን ጉልበቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ለዚህ ነው ዙሪያውን ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር የተቀባው። ከመስመሩ ከማለፍህ በፊት ብረት የሆነውን ሁሉ አውጥተህ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ትጥላለህ። በዚህ ሕግ ስንቱ ሰው ላይ ጮኼአለሁ! አንድ ፕሮፌሰርን በቀበቶው ምክንያት ዘልፌው አውቃለሁ። ዛሬም ቁልፌን አወጣሁ፣ ሳንቲሜን አወጣሁ፣ ቀበቶዬን ፈታሁ፣ ሱሪዬን በእጄ ጨብጬ፣ ኩራቴን ይዤ ገባሁ።

ጥቂት እንደተራመድኩ ደረቴ ቀድሞኝ ሄደ። እኔ ሳልሄድ እሱ ሄደ። ሳጥኗ ሸሚዜን ፈልቅቃ ወጥታ በረረችና ማግኔቱ ጎን ላይ ልጥፍ! እኔም ከሽቦው ጋር፣ ሽቦው ከፕላስተሩ ጋር፣ ፕላስተሩ ከደረቴ ፀጉር ጋር፤ እንደታሰረ በግ ቆምኩ። አንድ እጄ ሱሪዬን ይዟል።

አለቃችን ሮጦ መጣ፤ ዕድሜው የልጄ ቢሆን ነው። «ጋሼ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ራዲዮ ነው።»

«ደረትዎ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ራዲዮ?»

«ኳስ አለ ዛሬ።»

«ዛሬ ኳስ የለም፣ ጋሼ።»

«ለዚህ ነዋ ድምፁ የጠፋው።»

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ አለቃም ሳቀ። ሰው የሚያጣድፍ ሥራ ሲኖርበት የሚነግሩትን ለማመን ይቸኩላል። ከማግኔቱ ላይ ኤሌክትሪኩ ቀስ እያለ እስኪወርድ ድረስ እዚያው ተለጥፌ ቆየሁ። ያልሳቀችው የክሬኑ ነጂ ብቻ ናት፤ እኔ ጉጉት የምላት፣ ዓይኗ ስለማይርገበገብ። ከላይ ሆና ታየኝ ነበር።

ፕላስተሩ ሲነሳ ግማሽ ደረቴን ይዞ ሄደ። ማዞር የለም። ነበልባል ግን አለ።


ሰኞ

ሐኪሟ የልብ መቅጃውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«በዚህ መሠረት፣ አባቴ፣ ዓርብ ከሰዓት ሞተው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የፈረስ ልብ ይዘው ተነሱ።»

«እኔ የታወቀኝ የፈረሱ ነው።»

አልሳቀችም። ዘንድሮ የሚስቅልኝ አለቃ ብቻ ሆኗል። ቀረጻው ተበላሽቷል፤ ሌላ ወረፋ መጠበቅ አለብኝ። ለእኔ ጊዜ ማግኘት ስለሆነ አንገቴን ደፍቼ ያዘንኩ መሰልኩ። ግን ሥራ ከመግባቴ በፊት የተቀዳው ደህና ነው አለች። በጣቷ አንድ ቦታ አሳየችኝ፤ መስመሩ ረጅም ሜዳ ሆኖ ተኝቷል።

«እዚህ ጋ ቁርስ ላይ ነበሩ። ልብዎ ቆሞ ነበር። ምን ተሰማዎት?»

«ምንም። ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ እንጂ።»

«ብርጭቆው ለምን ወደቀ?»

«ጠርዙ ላይ አድርጌው ነበር።»

«አባቴ፣ የሰው ሕይወት በእጅዎ ላይ ያለበት ሥራ ይሠራሉ?»

ጡረተኛ ነኝ አልኳት። ልብስ ሰፊው እዚህ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አንስቶ አየኝ። ይህን ደብተር እሷው እንደምታነበው አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ሰርዘው ብለው አይሰርዝም፤ «የተጻፈ ተጻፈ» ይላል። የሱሪ ቁልፍ የሚተክል ሰው እንዲህ ሲኮራ አይቼ አላውቅም።


ሐሙስ

ማዞር የለም። አውቶቡሱ ከፌርማታዬ አሳልፎ ወሰደኝ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ቆሜ ነበር።


ቅዳሜ

ልብስ ሰፊው ሱሪዬን ገልብጦ ያየዋል።

«ጉልበቱ ተቀዷል።»

«አርጅቷል።»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ገና ሳሙና እንኳ በደንብ አልነካውም። ሱሪ በእርጅና ሲቀደድ ይሳሳል፤ ይሄ ተፍቋል። የት ወደቅክ?»

«አንተ ልብስ ሰፊ ነህ ወይስ መርማሪ?»

«ወዳጅህ ነኝ፣ አንተ ደረቅ! ለልጅህ ንገራት።»

ሁለት ማግኔት ነው የቀረኝ አልኩት። «ሁለት ነው የቀረህ ያለህ ማን ነው?» አለኝ። ሱሪውን ቀምቼው ወጣሁ፤ ሳይሰፋ። አሁን ተመልሼ የመጣሁት ለሱሪው ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።


ሰኞ

ዛሬ ከሁለቱ አንደኛውን አወረድነው። አይ፣ ቆይ። በደንብ ልንገርህ።

ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቆሜ ጓንቴን አደረግኩ፤ ብርቱካናማውን፣ ከሩቅ የሚታየውን። ማግኔቱ ተነሳ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰ፤ መውረድ ጀመረ። ቀኝ እጄ ወደ ታች አመልክቶ ትንሽ ክብ ይሠራል፤ ግራዬ ከላዩ ተዘርግቶ «በዝግታ» ይላል። ጉጉት ከላይ ታነበኛለች። እኔና እሷ እንዲህ ስንሆን የምንነጋገረውን ያህል ከሰው ጋር ተነጋግሬ አላውቅም። ልጄ ታች ናት፤ ጉድጓዱ ግርጌ ካለው ጥግ ቆማ ማግኔቷን ትቀበላለች።

ግማሽ ላይ ሲደርስ አዳራሹ ራቀኝ። ድምፁ ጥጥ ውስጥ የገባ መሰለ።

ከዚያ ጀርባዬ ከኋላዬ ባለው አጥር ላይ ነበር። እጆቼ ጭኔ ላይ ተኝተዋል። ማግኔቱ ጉድጓዱ መሐል ይወዛወዛል፤ ማንጠልጠያዎቹ ሲጢጥ ይላሉ። ጉጉት በአንድ ጊዜ ነው ያቆመችው፤ ማቆም የነበረባት እንደዚያ ነው፤ እጄ ወድቋልና።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለ አለቃ።

«ጓንቴን እያስተካከልኩ ነው።»

ተነሳሁ፣ እጄን አነሳሁ፣ አወረድነው። እንደ ላባ አሳረፍነው። ኩራት ተሰማኝ ብልህ ታምነኛለህ? ተሰማኝ።

ማግኔቱ ጎን ላይ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ይለጠፋል። ጭነቱ ክፉኛ ከተነቀነቀ ቀይ ይሆናል። የልጄ ድምፅ በመነጋገሪያው መጣ፤ ቀጭን ሆኖ።

«ቀልቷል» አለች።


ማክሰኞ

ማግኔቱ ተመልሶ ይወጣል። ይቀዘቅዛል፣ ይፈተናል። ውስጡ ተሰንጥቆ ከሆነ ሌላ መሥራት ነው፤ የልጄ ማሽን ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። ኮሪደር ላይ አየኋት፤ ግድግዳ ተደግፋ ውኃ ትጠጣ ነበር። ጠርሙሱ ባዶ ነበር። ባዶውን ነው የምትጠጣው።

አለቃ ጥፋተኛ ፈለገ። የክሬኑ ፍሬን በኃይል እንደተያዘ ማሽኑ ራሱ ይናገራል። ጉጉትን ጠሩና «ለምን እንደዚያ አቆምሽ?» አሏት። «ማቆም ስለነበረብኝ» አለች። ሌላ ቃል የለም። እስከ ሐሙስ ስብሰባ ድረስ ከክሬኑ አወረዷት፤ እዚያ ይወሰንባታል።

እኔ ምን አልኩ? ፍሬኑ አርጅቷል አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ።


ረቡዕ

ፌርማታው ላይ ጠበቅኳት። ዘንቢሏን ይዛ መጣች፤ አጠገቤ ቆመች እንጂ አላየችኝም።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን።»

«የሆነውን እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። እኔ ከላይ ነበርኩ።»

«ጓንቴን እያስተካከልኩ...»

«ጋሼ፣ እኔ ከባሌ ፊት ይልቅ የእርስዎን እጅ አውቀዋለሁ። ጓንት የሚያስተካክል እጅና የሞተ እጅ አይምታታብኝም።»

ዓይኔን ወደ ዘንቢሏ አወረድኩ።

«ለእነሱ አልናገርም» አለች። «የእርስዎን ገበና የማወጣው እኔ አይደለሁም፤ አፍ አለዎት። ለእርስዎ ግን እነግርዎታለሁ። ቢመልሱኝም ባይመልሱኝም፣ ከእንግዲህ የእርስዎን እጅ አላይም።»

አውቶቡሷ መጣ፤ ሄደች።

በእኛ ሥራ ከዚህ የከፋ ነገር ለሰው አይባልም። ሌባ ብትለኝ እሳደባለሁ፤ ሽማግሌ ብትለኝ እስቃለሁ። እጅህን አላይም ስትለኝ ግን እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ኪሴ ከተትኳቸው፤ አወጣኋቸው፤ አንዱን በአንዱ ያዝኩት።

ልብስ ሰፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ነገ ስብሰባው ላይ ካልተናገርክ ሌላ ጸሐፊ ፈልግ» አለኝ።

«ይህን የመጨረሻውን ጻፈው እንግዲህ» አልኩት።

«ጽፌዋለሁ» አለ።


ሐሙስ

ሳይጠሩኝ ገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ መጀመሪያ ስለ አገልግሎቴ፣ ቀጥሎ ስለ ማግኔቶቹ፣ ከዚያ በዘዴ ወደ ጉዳዩ። በሩን ስከፍት ሁሉም ተነነ።

«ልቤ ይረሳል» አልኩ።

አዩኝ። አለቃ አለ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ጉጉት ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጄም አለች። እሷ እዚያ እንደምትኖር አላሰብኩም ነበር፤ አስብ የነበረው ስለ ንግግሬ ነው።

«ጓንት አላስተካከልኩም። ዓይኔ ጨልሞ ነው እጄ የወደቀው። እሷ ባታቆም ማግኔቱ በራሱ ይወርድ ነበር። ሐኪም ካወቀችው ቆይቷል፤ እኔም። ደረቴ ላይ መሣሪያ ካስገቡ በዚያ በር ስለማላልፍ ነው የደበቅኩት። በቃ።»

«ራዲዮው!» አለ አለቃ፣ አሁን ገና ገብቶት።

«ኳስ አልነበረም» አልኩት።

ማንም አልሳቀም። ልጄ ወረቀቷን እያየች፣ በሥራ ድምፅ ጠየቀችኝ፤ ለማያውቁት ሰው በሚሆነው ድምፅ። «ሾርባ በበላን ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከአንተ እጅ ሌላ አላምንም ስልህ?»

«አውቅ ነበር።»

«እናመሰግናለን። መውጣት ትችላለህ።»

ጉጉትን ወዲያው ወደ ክፍሏ መለሷት። ኮሪደር ላይ ስታልፈኝ ቆም አለች። «ያቺን ሳጥን ማግኔቱ ሲወስዳት እኮ ነው ያወቅኩት» አለችኝና ሄደች። ለምን ያኔ አልነገርሽኝም ልላት ነበር። ነግራኝ ብትሆን ምን እላት እንደነበር አውቃለሁና ተውኩት።


ዓርብ

ልጄ አልደወለችም።

ማዞር አለ። ሁለት ጊዜ። አንዱ ደረጃ ላይ፣ አንዱ መታጠቢያ ቤት። ጻፈው።


እሑድ

ማዞር አለ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ስለዚህ አልወደቅኩም። ልጄ አልደወለችም። ስልኩ እንደሚሠራ ለማረጋገጥ ልብስ ሰፊውን ደውልልኝ አልኩት። ይሠራል።


ማክሰኞ

መሣሪያው ገባ። የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ናት፤ ከግራ ትከሻዬ ሥር እብጠት ሆና ትታያለች። ያንን ሁሉ ማግኔት ያወረደ ሰው ክብሪት አዘዘው።

ነቅቼ ዓይኔን ስገልጥ ልጄ ወንበሩ ላይ ነበረች። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም፤ ልብስ ሰፊው በሩ ጋ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ስለ ማግኔቱ ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ። ስለ ሽቦው፣ ስለ ብርጭቆው፣ ስለ ብልቃጡ።

«ዝም በል፣ አባዬ» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

«ታች እኔ ነበርኩ።»

«ከጭነቱ ሥር ማንም አይቆምም። አንቺ ጥግ ነበርሽ። እኔ እኮ...»

«ስለ ጭነቱ ማን አወራ? አንተ የቆምከው የት ነው? አጥሩ በጭነቱ በኩል ክፍት ነው። ወደ ኋላ ወደቅክ። ወደ ፊት ብትወድቅስ? ወዴት ነበር የምትመጣው?»

ስለ ጉጉት አስቤ ነበር። ስለ ማግኔቱ አስቤ ነበር። ስለ ስሜና ስለ እጄማ ከሁሉ በላይ አስቤ ነበር። እኔ ራሴ እዚያ ጉድጓድ ግርጌ፣ ልጄ እግር ሥር እንደምወድቅ ግን በዚያ ሁሉ ሐሳብ መሐል አንድ ቀን አልመጣልኝም። የስንቱን ዕቃ ሚዛን የጠበቅኩ ሰው ራሴን እንደ ዕቃ ሳልቆጥር ቀርቻለሁ።

አለቀሰች። ይህኛው ሾርባ የለበትም።


ቅዳሜ

ማዞር የለም። እውነቴን ነው። ልብስ ሰፊው «ማልልኝ» አለኝ።


ሐሙስ

ልጄ ደወለች። «ደህና ነው» አለች።

«ማን?»

«ማግኔቱ።» አቀዝቅዘው ኤሌክትሪክ ሲለቁበት መጀመሪያ ላይ ገና ከሚፈለገው ኃይል ግማሽ ሳያልፍ ቅዝቃዜውን ለቀቀና ሁሉም ፊታቸው አመድ ሆነ። እንደገና ሞከሩት፤ ከፊተኛው አለፈ። ደግሞ ሞከሩት፤ አሁንም አለፈ። አዲስ ማግኔት እንዲህ ነው አለችኝ፤ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ በየጊዜው ይበረግጋል፤ ይማራል እንጂ አልተሰበረም። መጨረሻ ላይ ከሚፈለገውም በላይ ተሸከመ።

«እሰይ!» አልኩ።

«አንተስ?» አለችኝ።

«እኔማ ገና መጀመሪያው ላይ ነኝ።»

ሳቀች። ከዚያ የተመለሰውና የመጨረሻው ማግኔት አንድ ላይ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚወርዱ ነገረችኝ። ምልክት የሚሰጠው መላጣው ነው። መላጣውን ሐኪሟ አታውቀውም፤ ዝንብ እንደሚያባርር ነው ምልክት የሚሰጠው እያልኩ አብሮኝ በሠራበት ዘመን ሁሉ ያማሁት ሰው ነው። አለቃ ምን ጠየቀኝ መሰለህ? መላጣውን እንዳለማምደው። ሦስት ቀን ሙሉ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በሩን ሳላልፍ፣ የቆመ የጭነት መኪና እያስነዳሁ አለማመድኩት። ዝንቦቹ ትንሽ ቀንሰዋል።


ረቡዕ

ዛሬ ወረዱ።

አዳራሹ በመስታወት የሚታይበት የጎብኚዎች ክፍል አለ። ትምህርት ቤቶች ልጆች ይዘው ሲመጡ የሚቆሙበት። ወደ አዳራሹ በሚያስገባው በር ላይ ያ የተሰረዘ ልብ አለ፤ እኔ ከሥዕሉ ወዲህ፣ መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ደቅኜ ቆምኩ። ሕፃናቱ አፍንጫቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቆሽሿል፤ የእኔ ብቻ ከፍ ያለ ነው።

መላጣው ጓንት አደረገ። ጉጉት ከላይ አለች። የመጀመሪያው ወረደ፤ ተንፈስ አልኩ። ሁለተኛው ተነሳ።

በሩ ተከፈተና ልጄ ገባች። ሄልሜቷን እንዳደረገች ነው፤ መሆን የነበረባት ታች፣ ጉድጓዱ ግርጌ ነው። «ሥራሽስ?» አልኳት። «ሰው ተክቻለሁ» አለችኝና አጠገቤ ቆመች።

ማግኔቱ አፉ ላይ ደረሰ። መላጣው ቸኮለ። «ቀስ» አልኩ። ግራ እጁን ረስቶታል። «ግራህን! ግራህን ዘርጋ እንጂ፣ አንተ!» መስታወቱ ወፍራም ነው፤ ድምፅ አያሳልፍም።

«አባዬ» አለች ልጄ፣ «እጅህ።»

አየሁት። ሁለቱም እጆቼ ከደረቴ በላይ ወጥተዋል። ቀኙ ወደ ታች አመልክቶ ክብ ይሠራል፤ ግራው ከላዩ ተዘርግቷል። እኔ አላዘዝኳቸውም።

«ከላይ ሆና ታይሃለች።»

«አታየኝም። አላይህም ብላለች።»

«ብታይህስ?»

እውነቷን ነው። ጉድጓድ ላይ ሁለት ሰው ምልክት አይሰጥም። ላወርዳቸው ሞከርኩ፤ እምቢ አሉኝ። መላጣውም ያኔ ግራ እጁን ዘረጋ፤ ማግኔቱ ፍጥነቱን ቀነሰና ቀጥ ብሎ ገባ። የእኔ ግን አሁንም አየር ላይ ናቸው፤ ጅል ሆነው።

ልጄ ዞር ብላ ሁለቱንም ያዘቻቸው። ወደ ታች አወረደቻቸውና በእጆቿ መሐል ጨመቀቻቸው፤ በኃይል፣ እኔ ድሮ መንገድ ሳሻግራት እንደምይዛት። ሁለታችንም የሚታየንን እያየን፣ ማግኔቱ ከዓይናችን እስኪሰወር፣ ገመዱ ብቻ እየወረደ እስኪቀር፣ ከዚያም ገመዱ ላልቶ ጭነቱ መሬት መንካቱ እስኪታወቅ ድረስ አልለቀቀችኝም።

ከነካም በኋላ አልለቀቀችም። ረስታው ይሆናል። እኔም አላስታወስኳትም።